ቀኝ እጁን ተይልኝ፦ ልጆችን ሳልመታ ክፍል መያዝ እንዴት እንደተማርኩ

ይህን የምጽፈው ክፍል ውስጥ ድምፁ እስኪዘጋ ለሚጮህ መምህር ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በ2010 ዓ.ም. የደረሰኝ ክፍል 68 ልጆች ነበሩት። ሰልፍ ኮንቴይንድ ስለሆነ ከአማርኛ እስከ ሒሳብ የማስተምራቸው እኔው ነኝ። ሦስት ልጅ በሚይዝ ዴስክ ላይ አራትም አምስትም ሆነው ይጨናነቃሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሰን፣ በተለይ ከመጋቢት በኋላ፣ ከጣና በኩል ነፋስ እስኪነሳ ድረስ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። አንዱ ይገፋል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ከኋላ «ቲቸር፣ እየመታኝ ነው!» ይላል። ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ጽፌ ዞር ስል ገበያ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ማስተማር የጀመርኩት ልምጭ ይዤ ነው። እኔም እየተመታሁ ነው የተማርኩት። ሕጉን አላውቅም ነበር አልልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ በቃሌም አውቀዋለሁ። ክፍል ስገባ ግን የወይራ ልምጬን ይዤ ነበር የምገባው።

እውነቱን እንነጋገር። ልምጭ ይሠራል። ለአምስት ደቂቃ። የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ዴስኩን አንዴ ጧ ሳደርገው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያቺ ጸጥታ ለእኔ እፎይታ ናት። እፎይታዋ ደግሞ ነገም ልምጩን እንዳነሳ ትገፋፋኛለች። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ልምጩ ሲያሠለጥን የነበረው እኔን ነው። ልጆቹማ በማግስቱ ያው ናቸው።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው።

ከሐይቁ ዳር የሚመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። 12 ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ጠዋት 2 ሰዓት እንገባለን፣ እሱ ሁለት ተኩል ላይ ይደርሳል። ልብሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ልጆቹ «አምባዛ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ያረፈደ ሁለት በመዳፉ ይቀምሳል፤ ደንቡ ይሄ ነበር። አንድ ቀን እንደልማዴ መዳፉን ዘርጋ አልኩትና መታሁት። አላለቀሰም። እጁን ጨብጦ ሄዶ ተቀመጠ።

ቃላት እያጻፍኩ ስዞር እሱ አይጽፍም። «ለምን አትጽፍም?» አልኩት። ዝም አለ። እጁን ይዤ ከፈትኩት። መዳፉ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ በምላጭ የተበጣ ይመስላል። የመረብ ክር ነው የቆረጠው። ከመስመሮቹ ሁለቱን ልምጬ ከፍቷቸዋል። የደብተሩ ሽፋን ላይ የጣቱ ደም በትንሹ ታትሞ ነበር።

ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን እናቱ ይዛው መጣች። ልትጣላኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተጣላችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«መምህርት፣ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ያረፍዳል። ምቺው። ግን ቀኝ እጁን ተይልኝ። መረብ ይጎትትበታል።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ልጁ ሳይነጋ ከአጎቱ ጋር በታንኳ ገብቶ፣ ማታ የጣሉትን መረብ ስቦ፣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ለቅሞ፣ ከዚያ ነው ደብተሩን ይዞ የሚሮጠው። ይህን አልጠየቅኩም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልጠየቅኩም። ልምጩን የዚያን ቀን ጣልኩ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ልምጭ ጥሎ በቦታው ምንም አለመተካት። ታኅሣሥ ለእኔ እጅግ ከባድ ወር ነበር። ልጆቹ እንደማልመታ በሁለት ቀን አወቁ። እኔ ደግሞ በልምጩ ፋንታ ጩኸት ተካሁ። «ዝም በሉ!» «ቁጭ በል!» «አንተ፣ አንተን እኮ ነው!» ጉሮሮዬ ቆስሎ ማታ ማታ ትኩስ ነገር እየጠጣሁ ነው የማድረው። ባልደረቦቼ «ይሄ ሕዝብ ያለ ዱላ አይገዛም አላልንሽም?» ይሉኝ ጀመር። አንድ ሁለቴ ልምጬን ልመልስ ብዬ አጥሩ ዳር ሄጃለሁ።

ያዳነኝ የእርስ በርስ ምልከታ ነው። እንደምታውቁት አንዱ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ይፈርማል። ብዙ ጊዜ ለወጉ ያህል ነው። ያን ጊዜ ግን የደረሰኝ ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ መምህር ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጦ 40 ደቂቃውን ጨረሰ። ሲወጣ ከቅጹ ሌላ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ለሁለት ከፍሏታል። በግራ በኩል «ዝም በል»፣ «ተው» እያልኩ ስም የጠራሁባቸው ጊዜያት በጭረት ተቆጥረዋል፣ 53። በቀኝ በኩል በጥሩ ነገር ስም የጠራሁባቸው፣ 4። ከአራቱ ሁለቱ ለአንዲት ልጅ ናቸው፤ ሁሌ እጇን ለምታወጣው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ልጄ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስሙን እንድትጠሪለት የሚፈልግ ልጅ ምን ማድረግ ነው ያለበት?»

መረበሽ። መልሱ ሌላ የለውም። 68 ልጅ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጽፈውን ማንም አያየውም። የሚያፏጨውን ግን መምህሯ ስሙን ጠርታ፣ ዓይኑን አይታ፣ ሥራዋን አቁማ ታነጋግረዋለች። ለልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጣም ቢሆን መታየት ነው።

በኋላ ሳነብ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ የፈተኑ ተመራማሪዎች እንደነበሩ አወቅኩ። የአንደኛ ክፍል መምህራን «ቁጭ በሉ» የሚሉትን ደጋግመው እንዲሉ አደረጉ። ከወንበር የሚነሱት ልጆች በዙ እንጂ አልቀነሱም። መምህራኑ በአንጻሩ ተቀምጠው የሚሠሩትን ማመስገን ሲጀምሩ የሚነሳው ቀነሰ። የእኔ 53 ጭረት ትርጉሙ ያኔ በደንብ ገባኝ።

እሺ፣ ላመስግን ብዬ ተነሳሁ። ግን በተሳሳተ በር ነው የገባሁት።

የመንፈቁ ዕረፍት ላይ የኮሌጅ ሞጁሌን አወጣሁ። አዎንታዊ ማጠናከሪያ የሚለውን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩ። ቢ ኤፍ ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በአይጥና በእርግብ ሞክሮ ያሳየው ነገር ነው። አንድ ድርጊት ጥሩ ውጤት ከተከተለው ይደጋገማል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት «ሽልማት ስጪ» የሚለውን ብቻ ነው። ከደመወዜ ቀንሼ ከገበያ ከረሜላ በፓኬት፣ እስክሪብቶ በደርዘን ገዛሁ። ሳምንቱን ጥሩ የነበረ ዓርብ ይሸለማል አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሠርግ ነበር። በሦስተኛው «ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ነው የሚሰጡን?» መጣ። ሰሌዳ እንዲያጠፋ የላክሁት ልጅ እጁን ዘርግቶ ቆመ። የሚሸለሙት እነዚያው ሰባት ስምንት ልጆች ናቸው። የኋለኛው ረድፍ «እሱ የጎበዞች ነው» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ገንዘቤ አልቆ ከረሜላው ሲቆም ክፍሉ ከታኅሣሥም የባሰ ሆነ። እናቴ ሙታ እንኳ እንደዚያ ሳምንት አላለቀስኩም ብል ማጋነን አይደለም።

ስህተቶቼን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሟቸው።

ዓርብ ለልጅ ሩቅ ነው። ሰኞ ጠዋት ለጓደኛው እርሳስ ያዋሰ የአስር ዓመት ልጅ ዓርብ ከሰዓት የሚሰጠውን ከረሜላ ከእርሳሱ ጋር አያገናኘውም። ምስጋና ድርጊቱ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት፤ በዚያው ደቂቃ። ሌላው፣ ለምን እንደተሸለሙ አልነገርኳቸውም። «ጥሩ ልጅ» ማለት ምንድን ነው? ልጁ አያውቅም። እኔም በውል አላውቅም ነበር። ደግሞ አስቀድሜ ቃል ገብቼ ማሰጎምጀቴ ራሱ ጎጂ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። አንዳንዶቹ «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባሉና ተሸለሙ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች በራሳቸው ፍላጎት የሚስሉበት ጊዜ ከሌሎቹ በጣም አንሶ ተገኘ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የእኔም ልጆች ሰሌዳ ማጥፋት ድሮ ይሻሙበት የነበረ ሥራ ነው። በከረሜላ ዋጋ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ጋሼን ሄጄ አማከርኩት። «ከረሜላውን ተይው። የሚፈልጉትን ራሳቸውን ጠይቂያቸው» አለኝ። ጠየቅኳቸው። የመጣው መልስ ይገርማል። ደውል መደወል፤ ግቢያችን ውስጥ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መምታት ማለት ነው። ለዕረፍት ቀድሞ መውጣት። የስም መጥሪያውን ይዞ ከቢሮ መምጣት። እና እንቆቅልሽ። እነሱ ጠይቀው እኔ እንድሸነፍ። አንዱም አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚያ ደንብ አወጣን፤ አብረን። ድሮ ግድግዳው ላይ የነበረው «አትጩኹ፣ አትጋፉ፣ አታርፍዱ» ይላል። ምን እንደማይደረግ እንጂ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ገልብጠን ጻፍነው። «እጃችንን አውጥተን እንናገራለን። ሌላው ሲናገር እናዳምጣለን። እንረዳዳለን። የጀመርነውን እንጨርሳለን።» አራት ብቻ። ስምንት ካደረጋችሁት እናንተም አትይዙትም። እያንዳንዱን ደንብ ደግሞ በተግባር አስተማርኳቸው። እጅ ማውጣት እንዴት ነው፣ ማዳመጥ ምን ይመስላል። አንድ ሳምንት እንደ ሒሳብ ልምምድ ሠራነው። ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ አይደለም።

ረድፎቹን በአምስት ቡድን ከፈልኩና በጣና ስሞች ሰየምናቸው። ደቅ፣ ዳጋ፣ ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ። አንዲት ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ ዘጌ እኮ ደሴት አይደለም፣ ባሕረ ገብ መሬት ነው» አለች። ልክ ናት፤ አካባቢ ሳይንስ ላይ ተምረነዋል። ተከራክረን ዘጌ ይሁን ተባለ፤ እሷም በደንብ ስላዳመጠች እዚያው ተመሰገነች። ከዳቦ ቤት ባዶ የዱቄት ጆንያ ለምኜ፣ ሐይቅ ሳልኩበት። ከወዲህ ዳር እስከ ማዶ 20 መስመር አሰመርኩ። አንድ ቡድን ደንብ ሲያከብር ባየሁ ቁጥር ታንኳው አንድ መስመር ይቀዝፋል።

ታንኳውን ከካርቶን ልቆርጠው ነበር። ያ ከሐይቁ ዳር የሚመጣው ልጅ ጥጉ ላይ ሆኖ እጁን አወጣ። በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «እኔ በደንገል እሠራዋለሁ» አለ። በማግስቱ አምስት ታንኳ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ መዳፍ ያህላል። ደንገሉን ሰንጥቆ፣ እንደ ትልቁ አድርጎ በልጡ አስሮ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጎታል። ክፍሉ ዙሪያውን ከበበው። እኔም «ጎበዝ» ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን አቆምኩ። «ይሄን ጫፉን እንዴት እንዳጠፍከው አየሁ። እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ነው ያሰርከው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስት ጊዜ ነው» አለኝ።

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» የሚለው አገር ያወቀው ነገራችን ይህን ይደብቃል። ለሁሉም፣ ለምንም እንለዋለን። ስለዚህ ምንም አይልም። ያያችሁትን ነገር በስሙ ጥሩት። «እርሳስሽን ሳትጠየቂ አዋስሽ።» «ክብራኖች ደብተር ያወጣችሁት እኔ ሳልናገር ነው።» «ተሳስተህ አጥፍተህ እንደገና ጻፍከው።» መጀመሪያ ላይ አፍ ላይ አይመጣም። እኔ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ እገባ ነበር።

ጨዋታው ያለ ችግር ሄደ ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ከባድ ስህተት ሠራሁ። ቡድን ሲረብሽ ታንኳውን ወደ ኋላ እመልስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእንጦስ ልጆች በር ላይ አንዱን ከበው ደበደቡት፤ «ባንተ ምክንያት ነው የቀረነው» ብለው። ልምጩን ከእኔ እጅ ወስጄ ለልጆቹ ሰጥቼው ነበር ማለት ነው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ልጁንም በክፍሉ ፊት። ከዚያ ወዲህ የቀዘፈ ታንኳ ወደ ኋላ አይመለስም። አለመቅዘፍ ብቻ ነው ያለው። እባካችሁ የሰጣችሁትን አትንጠቁ።

በሰው ፊት መመስገን የማይወድ ልጅም አለ። ከገጠር መጥታ አክስቷ ጋር የምትኖር፣ የቤቱን ሥራ ጨርሳ የምትመጣ፣ ዕድሜዋ ከክፍሉ ከፍ ያለ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ተነሽ ብዬ አስጨበጨብኩላት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ቁጭ አለች። ለሁለት ሳምንት እጇን አላወጣችም። ለእሷ ከዚያ በኋላ ደብተሯ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፍላት ጀመር። «ዛሬ ለጎንሽ ልጅ ክፍልፋይ ስታስረጂ ሰማሁሽ።» ያንን ገጽ ጥጉን አጥፋ አስቀመጠችው። ሰኔ ላይ ደብተር ስሰበስብ የታጠፉትን ገጾች ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ነበሩ።

በጣም የፈተነኝ ግን ከፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነው። ዴስክ ይመታል፣ እንደ ድመት ይጮኻል፣ ሁሉም ይስቃል። ጋሼ «እሱ ሲጮህ አትይው፣ ዝም ባለበት ደቂቃ ግን ድረሺለት» አለኝ። ተውኩት። ባሰበት። በሁለተኛው ሳምንት ዴስክ ላይ ወጣ። እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ሱቅ የሚያንኳኳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ባለሱቁ ካልከፈተለት ከመሄዱ በፊት በኃይል ነው የሚያንኳኳው። ያን ጊዜ ከከፈትሽለት፣ ሁሌ በኃይል እንዲያንኳኳ አስተማርሽው።» አልከፈትኩም። ከዴስኩ ላይ እጁን ይዤ አወረድኩት፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። በአንጻሩ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ሲጽፍ ሳየው አጠገቡ ሄጄ ዴስኩን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ምልክታችን እሱ ነው። ሁለት ደቂቃው አምስት ሆነ፣ አምስቱ አስር። አርባ ደቂቃ አልደረሰም። አስሩም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዝም የማይባል ነገር አለ። ድብደባ፣ ዘርና አካል ጉዳት ጠርቶ መሳደብ፣ ሰውን የሚጎዳ ነገር። ይሄ ወዲያው ይቆማል። ቆሞም ይነገራል፤ በአጭሩ፣ ለብቻ፣ ሳይሰደብ። ያበላሸ ያስተካክላል፣ የበደለ ይክሳል። ማመስገን ማለት ልጅን መልቀቅ የመሰላቸው ወላጆች ነበሩ። ክፍል ጋብዤ አሳየኋቸው።

ወደ ባለ ታንኳው ልመለስ። ማርፈዱ በምስጋና ብቻ የሚድን አልነበረም። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ሄጄ አጎቱን አነጋገርኩ። ከመረብ ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ሊያሳርፈው ተስማማ። ሌሎቹ ቀናት ላይ «ለምን ዘገየህ» ማለት ትቼ ያሻሻለውን ብቻ መንገር ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲመጣ «ከትናንት በሩብ ሰዓት ቀደምክ» እለዋለሁ። በመዘግየቱ ያመለጠውን ክብራን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ያሳየዋል፤ ለዚያም የክብራን ታንኳ ይቀዝፋል። ሚያዝያ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሁለት ሰዓት ከአስር አላለፈም።

ያን ዓርብ እናቱ ጋ ደወልኩ። ጎረቤት ስልክ ነው፤ ተጠርታ መጣች። ትንፋሿ ይሰማል፣ ሮጣ ነው። «መምህርት፣ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

«ምንም አላጠፋም። ማርፈዱ በጣም ቀንሷል። ታንኳ አሠራሩንም ለክፍሉ አስተማረ። እሱን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።»

ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለች። ቆይታ «እስቲ ድገሚልኝ፣ አጎቱም ይስማ» አለችና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ወላጅ ይዘህ ና» የምንለውን ወረቀት ሁሉም ቤት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ስልክ የደረሰው ወላጅ ግን ብዙ አይደለም። እኔ በሳምንት ሦስት ቤት እደውላለሁ። መጀመሪያ የምደውለው በጣም ወደሚረብሸው ልጅ ቤት ነው። የምናገረው እውነት መሆን አለበት። ካላገኘሁ ሳምንቱን ሙሉ እፈልጋለሁ፤ ስፈልግ ደግሞ አገኛለሁ።

ያልሆነልኝም አለ። ከዳጋ ቡድን አንድ ልጅ ግንቦት ላይ ቀረ። ሊስትሮ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ የታናናሾቹን ዳቦ የሚገዛው እሱ ነው። የእኔ ታንኳና እንቆቅልሽ ከዳቦ ጋር አይወዳደርም። ለትምህርት ቤቱ አመልክቼ፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቶለት ነበር። ሁለት ሳምንት መጥቶ እንደገና ቀረ። እሱን ሳስብ እስካሁን ያመኛል።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ታንኳውን እያሳሳሁ ሄድኩ። መጀመሪያ ባየሁ ቁጥር ነበር የምቀዝፈው። ቀጥሎ አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሆነ ሳያውቁ። ልማዱ ከያዘ በኋላ ምስጋናው ካልተጠበቀ ቦታ ሲመጣ ይበልጥ ይጸናል። በአንድ ቀን ካቋረጣችሁት ግን እንደ ከረሜላው ይሆናል። ማዶ የደረሰ ቡድን እንቆቅልሽ ይጠይቀኛል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ሳልመልስ ስቀር «አገር ስጪኝ» ይሉኛል። ጎንደርን እሰጣለሁ፣ እምቢ ይላሉ። ደብረ ማርቆስን እሰጣለሁ፣ እምቢ። ባሕር ዳርን ከነጣናው ስሰጣቸው ጣሪያው እስኪነሳ ይጮኻሉ። ያን ጩኸት ዝም በሉ ብዬ አላውቅም።

የምትጀምሩት በአንዲት ወረቀት ነው። ለሁለት ክፈሏት። የምታምኑት ባልደረባ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቁጠርላችሁ። ቁጥሩን ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ ለርዕሰ መምህሩ አታሳዩት፣ የራሳችሁ ነው። በማግስቱ ግራውን ለመቀነስ አትታገሉ። ቀኙን በአምስት ብቻ ጨምሩ። ከአምስቱ ሦስቱ ስማቸውን በጥሩ ጠርታችሁ ለማታውቁ ልጆች ይሁኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቆጠርላችሁ። እኔ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ጋሼ ሲቆጥርልኝ ግራው 14፣ ቀኙ 37 ነበር።

ደንገል ሲደርቅ ይሰባበራል። ታንኳዎቹ ከዓመት አያልፉም። ያ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ በየመስከረሙ ሳልጠራው አምስት አዲስ ታንኳ ይዞ በሬ ላይ ይቆም ነበር። አንዳንድ ጊዜ አርፍዶ።